የወንድሙ ጣት

ሰፈሩ ሁለቱን ወንድማማቾች በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ በበሩ በኩል ባለው ወንበር የሚሠራው «ትልቁ» ነው፤ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ያለው «ትንሹ»። ትንሹ ራሰ በራ፣ የልጆች አባት ሆኖም ያው ትንሹ ነበር። ሙያውን ያስተማረው ትልቁ ነው። ፊኛ ነፍቶ፣ በሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ ምላጭ አስይዞ «ሳታፈነዳው ላጨው» ብሎ ነበር ያስጀመረው። ፊኛው በፈነዳ ቁጥር የትልቁ ሳቅ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማ ነበር ይላሉ የድሮ ደንበኞች።

እዚያ ቤት የሚሄድ ሰው ለፀጉሩ ብቻ አይሄድም ነበር። ለትልቁ ጨዋታ ነው። የተላጨ ሰው እንኳ «እስቲ ይቺን ልስማና» እያለ ከአግዳሚው ላይ አይነሣም።

የትልቁ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ውሃ ሲጠጣ ነው። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ውሃ የሚቀርብላቸው በግማሽ ብርጭቆ ነበር። የትልቁ እጅ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ሰላም ነው፤ አንድ ነገር ለመሥራት ሲነሣ ግን እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። መጀመሪያ ምላጩን ተወ፣ ቀጥሎ መቀሱን። በፀጉር ማሽኑ ትንሽ ገፋበት፤ አንድ ደንበኛ መስታወቱን አይቶ «ጋሼ፣ አስተካክለኝ አልኩ እንጂ እጨደኝ መቼ አልኩ?» ሲለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ትልቁም ሳቀ። በማግስቱ ግን ማሽኑን ለወንድሙ ሰጥቶ መጥረጊያ ያዘ።

መድኃኒቱ አልረዳውም። በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም ስለ ቀዶ ጥገና ነገረችው። ፀጉር የሚያህል ባይሆንም ቀጭን የሆነ ሽቦ ወደ አንጎል ጠልቆ ይገባል፤ ከደረት ቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪ በሽቦው በኩል ሳያሰልስ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ መንቀጥቀጡን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በዚያ ይረጋጋል። ትልቁ ይህን ለእኔ ለደንበኛው ሲያወራልኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። ለካ አንጎል ራሱ ሲነካ አያምም! ሽቦው ሲገባ ትልቁ ነቅቶ ነበር። ወረቀት አቅርበው ክብ በክብ ላይ እንዲስል አዘዙት፤ የሳለው መሬት ላይ የወደቀ ከርዳዳ ፀጉር ይመስል ነበር። ኤሌክትሪኩን ለቀቁት።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ጸጥ አለ። ሲያለቅስ የቆየ ሕፃን ጡት ሲጎርስ እንዴት ነው? እንደዚያ። እጄን ሳየው የሰው እጅ መሰለኝ። ‹ምላጭ ስጡኝ!› ብዬ ጮህኩ። ሐኪሞቹ ከት ብለው ሳቁ፤ ጢም ያለው አንዱ ግን ወደ ኋላው ሸሸ።»

የዚህ ተአምር ሂሳብ የመጣው በምላሱ በኩል ነው። ለእጁ የሚበቃው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ንግግሩ ይጎተታል፣ ቃላቱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሐኪሟ እንዳስረዳችው ኤሌክትሪኩ ከታሰበለት ቦታ ትንሽ አልፎ ወደ ጎረቤት ይፈሳል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የምላስ መንገድ ነው። «ምን ይደረግ፣ ጎረቤት አይመረጥ» አላት። ሁለቱን የሚያስታርቅ ልክ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። ስለዚህ መሣሪያው ላይ ሁለት አማራጭ አስቀመጠችለት፤ «ኤ» ለእጅ፣ «ቢ» ለምላስ። በ«ኤ» ምላጩ ቀጥ ይላል፣ አፉ ግን የሰካራም ነው። በ«ቢ» እንደ ጥንቱ ይጫወታል፣ እጁ ግን ይርገፈገፋል።

መቀያየሪያው መዳፍ የምታህል ናት፤ ደረት ላይ ባትሪው ካለበት አስጠግቶ ፊደሏን መጫን ነው፤ ኃይሉንም ሐኪሟ እስከ ፈቀደችው ድረስ መጨመር ይቻላል። ደንበኛው ሁሉ «ሪሞቷ» ይላታል። ችግሩ አንድ ነው፤ ከእጅ ወደ ምላስ ለመሻገር የጸና ጣት አለው፣ ከምላስ ወደ እጅ ለመመለስ ግን ቁልፏን የሚጫነው ያው የሚንቀጠቀጠው ጣት ነው። ደጋግሞ ሞከረ፤ አውራ ጣቱ ፊደሏን እየሳተ ዙሪያዋን ይደበድባል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ሌላ ማን አለ? ሪሞቷ በትንሹ ጋውን ኪስ ውስጥ ገባች፣ መጫኑም የእሱ ሥራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት መላጨት ቲያትር ሆነ። ትልቁ በምላስ ሆኖ አረፋውን ይመታል፤ «አረፋ ሲመታስ ማን ይችለኛል? ለዚህ የተመረቀ እጅ ነው!» ይላል፣ ብሩሹ እንደ ከበሮ መቺ እየዘለለ። ታሪኩን ያጋግላል። ልክ ልብ ሊሰቀል ሲል «ና ትንሹ፣ እጄን ስጠኝ» ብሎ ይጣራል። ትንሹ መጥቶ የወንድሙን ሸሚዝ ሁለተኛ ቁልፍ ይፈታል፣ ሪሞቷን ደረቱ ላይ ያስጠጋል፣ ጢት ትላለች፤ ቁልፉን መልሶ ይቆልፋል። ከዚያ ዝምታና ምላጭ ብቻ። ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ሰውዬ የታሪኩን መጨረሻ ሳያውቅ ትንፋሹን ውጦ ይላጫል። ሲያበቃ ትልቁ አፉን በጣቱ ይጠቁማል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ይንጫጫሉ።

«ትንሹ፣ ወደ ወሬው ቻናል አዙርልን!»

«ኳስ ካለም ፈልግ!»

ትንሹም ይስቅ ነበር። ይስቅ ነበር እላለሁ፤ ጥርሱን አይቻለሁ።

በኋላ ትልቁ ይጠጣል የሚል ወሬ ተነሣ። እኛ የምናውቀው ሳቅንበት። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በ«ኤ» ሲናገር ሰምቶት ይሆናል አልን። ወሬው ግን ወደ አከራይዋ፣ ወደ እትዬ፣ ደረሰ። የቤቱ ውል በትልቁ ስም ነው፤ የሚታደስበት ጊዜም ቀርቦ ነበር። እትዬ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ምላጭ በጨበጠ ሰካራም ግን የማንም ሴት ልብ አይረጋም። «የሰው ወሬ ይዤ አልፈርድም፤ መጥቼ ከራሱ አፍ እሰማለሁ» ብለው ላኩ።

ትልቁ ያን ሰሞን ደስ ብሎት ነበር። «ከአፌማ ይስሙ! አፌ እኮ ነው ያኖረኝ» ይላል። ውሉን ካጣ ወንበሩን ያጣል፤ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ እጁ፣ ማንም ሌላ ወንበር አይሰጠውም። ግን አፉን ያምን ነበር። ወንድሙንም።

እትዬ በመጡበት ዕለት ከሰዓት ተረኛው እኔ ነበርኩ። አረፋውን እየመታ ስለ አንድ ሙሽራ ጀመረልኝ። ሙሽራው በሠርጉ ዕለት ጠዋት እዚሁ ወንበር ላይ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ሳለ የሙሽሪት ወንድም በሩን በርግዶ ገባ፤ በእጁ ደግሞ… «ና ትንሹ፣ እጄን ስጠኝ!» አለና ጥሎኝ ሄደ። ተላጨሁ። ፊቴን በፎጣ ሲጠርግልኝ እትዬ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ገቡ።

ትልቁ ፊቱ በራ። ወደ አፉ ጠቆመ።

ትንሹ መጣ። ቁልፉን እንደ ልማዱ ፈታ፣ ሪሞቷን አስጠጋ፣ ጢት አለች። ከዚያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሸሚዙን ሳይቆልፍለት ሪሞቷን ኪሱ ከትቶ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሄደ።

«እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» ሊል ነበር ትልቁ። ከአፉ የወጣው እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። እንደገና ሞከረ፤ ባሰበት። ከሌላውም ቀን የከፋ ነበር።

«በጠራራ ፀሐይ?» አሉ እትዬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ እየሸሹ። «እኔ እኮ አላምን ብዬ ነበር።»

ትልቁ ፊደሏ እንደተሳሳተች ለወንድሙ ሊጠቁም እጁን አነሣ። እጁ ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ። ሁሉንም በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ያ እጅ መርገፍገፍ ነበረበት፤ ወደ ምላስ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ይርገፈገፍ ነበር። ሻማ እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ትልቁ የገዛ እጁን እንደ እንግዳ አየው። አሁንም ግን ስሕተት ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ደረቱን፣ ከዚያ የወንድሙን ኪስ፣ ከዚያ እንደገና ደረቱን ጠቆመ፣ ፈገግ እያለ።

ትንሹ አላየውም። እትዬን ነበር የሚያየው።

«እንግዲህ ራስዎ አዩት፣ እትዬ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንዲህ ነው። አንዳንድ ቀን እኔንም አያውቀኝም።»

ፈገግታው ከትልቁ ፊት ላይ ሲወርድ በመስታወት ከማየት መንገድ ላይ ብቆም በወደድኩ ነበር።

ቀስ ብሎ ተራመደ። በዚያ ጸጥ ባለ እጁ የወንድሙን ኪስ ከፍቶ ሪሞቷን አወጣ። ትንሹ አልከለከለውም፤ እንዴት ይከልክለው፣ በልጅነቱ ኪሱን የሚፈትሸው ይኸው እጅ ነበር። ትልቁ የሪሞቷን ትንሽ ስክሪን አየ፤ ፊደሏ «ኤ» ናት፣ ኃይሉ ሐኪሟ እስከ ፈቀደችው ጫፍ ተገፍቷል። ደረቱ ላይ አስጠግቶ «ቢ»ን ራሱ ተጫነ። ጢት። ወዲያው ጣቶቹ መርገፍገፍ ጀመሩ።

«እትዬ» አለ። ጥርት ያለ ቃል ነበር። ሲያዘጋጀው የሰነበተ ንግግር ነበረው፤ ግን ወደ እሳቸው አልዞረም። «የሸሚዜን ቁልፍ የምትፈታው አንተ ነህ» አለ ለወንድሙ። «ደረቴን ለሌላ ለማን ከፍቼ አውቃለሁ?»

«የአንተ ጣት ሆኜ አረጀሁ!» ትንሹ ፈነዳ። «‹ትንሹ እጄን፣ ትንሹ ምላሴን!› ለእኔስ? እኔ እጅ የለኝም? ምላስ የለኝም?»

«ብትጠይቀኝ ወንበሩን እለቅልህ ነበር።»

«መቼ ልጠይቅህ? አንተ ስታወራ ማን ተራ አግኝቶ ያውቃል?»

እትዬ ወደ ትንሹ ዞሩ።

«ቆይ አንተ፣ ‹ወንድሜ ይጠጣል፣ ሰው ሳይቆርጥ ይድረሱልኝ› ብለህ ቤቴ መጥተህ ያለቀስከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ያ ሁላችንም የሳቅንበት ወሬ ከትንሹ ወንበር ነበር የተነሣው። ትንሹ ማሽኑንና መቀሶቹን በፎጣ ጠቀለለ። በወንድሙ አጠገብ ሲያልፍ ያልተቆለፈውን ሸሚዝ አየው፤ እጁ ትንሽ ወደዚያ የሄደ መሰለኝ፣ ከዚያ ወጣ።

እትዬ ውሉ እንደነበረ እንዲቀጥል እዚያው ቆመው ተናገሩ። ትልቁ አልሰማቸውም። ሪሞቷን በሁለት እጁ ይዞ «ኤ»ን ሊጫን ይታገል ነበር፤ አውራ ጣቱ ዙሪያዋን ይደበድባታል። እትዬ ትንሽ አዩትና «አምጣው እስቲ፣ የቷ ናት?» አሉ። እንደሚነክስ ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው ደረቱ ላይ ተጫኑለት። እጁ ጸጥ ሲል ሪሞቷን መልሶ ተቀበላቸው፤ አጎንብሶ አመሰገነ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ተጭኖለት አያውቅም፤ ምክንያቱም ከ«ኤ» ወጥቶ አያውቅም። ሪሞቷ በክር ታስራ ከሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ ናት። ወደ ምላስ መሻገር ይችላል፣ ጣቱ ጽኑ ነው፤ መመለሻው ግን የሌላ ሰው ጣት ነው፤ ያን ደግሞ አይፈልግም። ስለዚህ በእጅ ይኖራል። አላጫጩ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይበልጣል። አግዳሚው ግን ሳስቷል፤ የተላጨ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። አንዱ «ወሬ ቻናሉ ተዘጋ እኮ» ብሎ ቢቀልድ የሳቀ አልነበረም። ትንሹ ከታክሲ ተራው ጀርባ የራሱን ቤት ከፍቷል፤ አንድ ጊዜ በደንበኛ በኩል ሰላምታ ልኮ ነበር። ትልቁ የሰውዬውን ጢም ላጭቶ ጨረሰ፤ ከዚያ በከበደው ምላሱ «አልሰማሁም» አለ።

ባለፈው ስላጭ ሌላ ሰው አልነበረም። አረፋውን ሲቀባኝ እጁ ጸጥ ያለ ነበር፤ አረፋውም እንደ ድሮው አልደራም። አላስቻለኝምና ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ያ ሙሽራ ምን ሆነ? ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ነበር እኮ ያቆምክልኝ።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ምላጩን አስቀመጠ። የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ ፈትቶ ሪሞቷን አወጣ፤ አውራ ጣቱ «ቢ» ላይ አረፈ። ታሪኩ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ አንገቴ ላይ ከታሰረው የመላጫ ጨርቅ ሥር አውጥቼ የወንበሩ ክንድ ላይ ያሳረፍኳቸውን እጆቼን አየ፤ የማያውቀውን ምላጭ ስለቱን እንደሚመረምር ሰው ረጅም ጊዜ አያቸው።

ሪሞቷን ሳይጫን ወደ ሸሚዙ ሥር መለሳት። ቁልፉን ራሱ ቆለፈ፣ በእነዚያ ጸጥ ባሉ ጣቶች፤ ምላጩንም አንሥቶ አገጬን ቀና አደረገው።