ሩሯን ትቼ የቆምኩ ለት

የገና ጨዋታ የጀመርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ይሄንን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። እኔ ዝም ብል የአጎቴ ሰፈር ሰዎች ይነግሯችኋል፣ ያውም ጨምረው።

ያደግኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። እናቴ ግን የጅጋ ገጠር ልጅ ናት፤ ወንድሟ፣ ማለት አጎቴ፣ እዚያው ያርሳሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለበዓል እሳቸው ዘንድ ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ሩር ሲመታ አየሁ። ሩር ከወይራ ጉጥ የተጠረበች፣ ጡጫ የምታህል ኳስ ናት። የምትመታበት ጫፉ የታጠፈ ዱላ ደግሞ እንደ በዓሉ ገና ይባላል። አንዱ ዱላ አቀበለኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። ሩሯ እዚያው ቀረች፣ አፈሩ ሄደ።

"የከተማው ልጅ ያርስልን ጀመር! በሬ አምጡለት!" አለ አንድ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰውዬ።

"መሬታችሁ ጦም ሲያድር አዝኜ ነው" አልኩት።

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ሰውዬው ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ያን ለት ማንም ማንንም ይናገራል፣ ባለብዙ በሬውም ሊቀመንበሩም የድርሻውን ይጠጣል፣ ቂም የሚይዝ የለም። እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ትራፊኩ ሲጮህብኝ እሺ፣ ተሳፋሪው ሲያመናጭቀኝ እሺ ስል የምከርም ሰው ነኝ። እሺ የማይባልበት ቀን እንዳለ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

አጎቴ ከወይራ ሥር ቆርጠው፣ እሳት አሳይተው፣ ጠምዝዘው አስረው፣ ቅቤ አጠጥተው አንድ ገና ሰጡኝ። ጠዋት ጠዋት ባጃጄን ከማስነሳቴ በፊት ከምታድርበት ጋራዥ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ሩር እደበድባለሁ። በዓል ሲመጣ ግን የአጎቴ ወገኖች፣ ላይ ሰፈሮች፣ የሚያቆሙኝ መጨረሻ ኋላ ነው። "አንተ እዚያ ጠብቅ" ይሉኛል። እዚያ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሩርም አይመጣ፣ ሰውም አይመጣ። ከዝንብ ጋር ስጫወት ይመሻል። ስሜም እዚያው ቆሞ ቀረ፤ "የከተማው ልጅ"።

እንዲህ እያለ የከተማችን የባህል ስፖርት ክለብ አሰልጣኝ ከጋራዡ ጀርባ ስመታ አየኝ። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንለው።

"ማን አስተማረህ?" አለኝ።

"ንዴት ነው ቲቸር።"

ሳቀ። "ይሄን ንዴት ወደኛ ይዘኸው ና። መለዮ አለን፣ ልምምድ አለን፣ ባሕር ዳር ለውድድር እንሄዳለን። ሁለት ነገር ግን ልንገርህ። አንደኛ፣ የገና ለት ስታዲየም ነው የምንጫወተው፤ ሌላ ቦታ የለም። ሁለተኛ፣ ሜዳ ላይ አፍ የለም። ዳኛ አለ፣ ፊሽካ አለ፣ አለቀ።"

አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለች። ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው መለዮ! ማንም ለምንም ነገር መርጦኝ አያውቅም። እናቴ ገና ሳልወስን ለጎረቤት ማውራት ጀመረች። ባጃጅ ተራ ላይማ መከራዬን አሳዩኝ። "የባሕር ዳሩ ሰውዬ! ተራህ ደርሷል፣ ጫን እንጂ፣ ወይስ በአውሮፕላን ሆነ?" በሌላ በኩል ደግሞ ክለብ ከገባሁ የገና ለት አጎቴ ሰፈር የለሁም ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች እስኪሞቱ የከተማው ልጅ እንዳሉኝ ይቀራሉ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ቲቸር ማመንታቴን አይቶ "አንዴ ተጫወትና ከዚያ ወስን" አለኝ። ከቡሬ ክለብ ጋር፣ ቡሬ ላይ ግጥሚያ ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ሜዳው ከከተማው ዳር ነው፤ ከገጠር የሚመጣው የእግር መንገድ መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ጥርሴን ነክሼ፣ አፌን ዘግቼ ተጫወትኩ። አንዱ የቡሬ ልጅ ቀጭን እግሩን ይዞ ፊቴ ሲንገዋለል ስንት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ዋጥኩት! ምቴ ግን ሰመረልኝ። ሲመሽ ሲመሽ እኩል ለእኩል ሆነን ሩሯ ተስፈንጥራ መጣችና እግሬ ስር አረፈች። በረኛቸው ወድቋል። ግቡ ባዶ ነው። ዱላዬን አነሳሁ።

ያኔ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በግ እየጎተቱ በግቡ ፊት መጡ።

ቆምኩ። ዱላዬን መሬት አስነካሁና ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ "ይለፉ አባ" አልኩ።

አስቤ አይደለም። አጎቴ ሜዳ ላይ ሽማግሌ ካለፈ፣ ሸክም የያዘች እናት ካለፈች፣ ዱላ ሁሉ ይወርዳል፤ አልፈው እስኪሄዱ ሩሯን የሚነካ የለም። ጨዋታው ራሱ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቡሬ ላይ ከእኔ በቀር የቆመ አልነበረም። ያ ቀጭኑ ልጅ ከእግሬ ስር አፈፍ አደረጋትና መንጭቆ ሄደ። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ፤ አገቡብን። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ፣ አለቀ።

ሽማግሌው መሃል ሜዳ ላይ ቆመው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ?"

"እርስዎ እንዲያልፉ ብዬ ነው አባ።"

"እኔማ አልፋለሁ፣ እግር አለኝ። ያቺን ግን ማን ይመልስልሃል?" አሉና በጉን ጎተት አደረጉ። ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩ። "ለማንኛውም እደግ" አሉኝ፣ ጢሜን እያዩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ገና ከቡሬ ሳይወጣ ጀመሩኝ። አንዱ ከኋላ "የቆምከው ለሰውየው ነው ወይስ ለበጉ?" አለ። ሌላው "በጉ ሽማግሌ ነበር" አለ። ፈነዱ።

ቲቸር አልጮኸብኝም። "ስማኝ፣ ልጆቹ ምን ያህል እንደለፉ አይተሃል። ባሕር ዳር ላይ ቄስ ቢያልፍ ጳጳስ ቢያልፍ፣ ፊሽካ ካልተነፋ አትቆምም" አለኝ።

"ፊሽካው ለሰው ካልተነፋ ለማን ሊነፋ ነው ታዲያ?"

"ለሕጉ" አለ። "እስከ እሁድ አስብና ንገረኝ።"

ቲቸር እውነቱን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። ቢሳሳት ኖሮ ሁለት ቃል ተናግሬው እገላገል ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ ለጅጋ ገበያ ሰው ጭኜ ወጣሁ። ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ የቡሬ ነጋዴዎች ቀድመውኝ ገብተዋል። አጎቴ ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር የበቆሎ ጆንያ ተደግፈው ቆመዋል፣ ያ ትከሻ ሰፊው ቀልደኛም አለ። ገና ሲያየኝ እጁን አጨበጨበ።

"ሩር ትቶ በግ ያሳለፈው መጣ!"

ምላሴን ስዬ ተጠጋሁ። አጎቴ ግን ቀደሙኝ።

"ሩሯ የት ነበረች?"

"እግሬ ስር ጋሼ።"

"ግቡስ?"

"ባዶ።"

"ባዶ!" አሉ፣ ራሳቸውን ይዘው። አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ፣ የሞተ ሰው እንደተነገረው ሁሉ።

"እኔ ብሆን መትቼ ነበር ይለፉ የምለው" አለ ቀልደኛው።

"አንተማ ታደርገዋለህ" አሉት አጎቴ። እሳቸው አልሳቁም። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና "ዘንድሮ ይሄ ልጅ ፊት ይቆማል። ኋላ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ፈልጉ" አሉ።

በቃ፣ ይሄው ነው። ምርቃት የለ፣ ንግግር የለ፤ ወዲያው ወደ በቆሎ ዋጋ ተመለሱ። ግን "ይሄ ልጅ" አሉ። የከተማው አላሉም። ባጃጄን ባዶዋን እየነዳሁ ስመለስ ለብቻዬ እስቅ ነበር፤ ያየኝ ሰው አበደ ሳይል አልቀረም።

እሁድ ስታዲየም ሄድኩ።

"ቲቸር፣ መለዮውን ለሌላ ይስጡልኝ።"

"አፍረህ ነው?"

"አይደለም። የገና ለት የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።"

"እዚያ ማን ያይሃል? ዋንጫ የለ፣ ካሜራ የለ።"

"የሚያየኝማ ሞልቷል። ስድባቸውን አሰናድተው ነው የሚጠብቁኝ።"

ሳቀና እጄን ጨበጠኝ። የባሕር ዳሩ ጉዞ ቀን ተሳፋሪ ስጠብቅ አውቶቡሳቸው እየጨፈሩበት አለፈ። አንዱ መስኮት ላይ ወጥቶ አውለበለበልኝ፤ የለበሰው የኔን ቁጥር ነው። አልቆረቆረኝም ብል ውሸት ነው። ክላክሴን ደጋግሜ ነፋሁላቸው፤ የመጣችው ተሳፋሪ ጆሮዋን ያዘች።

የገና ለት ላይ ሰፈሮች ፊት አቆሙኝ።

"ባጃጁ ፊት ወጣ! ጎማው ተነፍቷል?" ጮኸ አንድ የታች ሰፈር ሰው።

"ተሳፈር! የምሄደው እናንተ ግብ ድረስ ነው፣ ሰው እስኪሞላ አልጠብቅም!" አልኩት።

አቧራው ሲጨስ፣ ዱላ ከዱላ ሲላተም ቆየን። ከዚያ ሩሯ ከግርግሩ ፈልቃ ወጣችና እግሬ ስር መጣች። ፊቴ ባዶ ነው። ዱላዬን አነሳሁ።

አንድ አሮጊት፣ እንስራ አዝለው፣ በፊቴ ብቅ አሉ።

ዱላዬን ሳወርድ ቀና ብዬ አየሁ። ሜዳው ሁሉ ቆሟል። ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ዱላውን መሬት አስነክቷል። አጠገቤ የነበረው የታች ሰፈር ጎረምሳ እግሩን ቢዘረጋ ሩሯን ይወስዳት ነበር፤ እሱም እንደኔ እያለከለከ ቆሟል። ሴትየዋ ደግሞ እንደምንጠብቃቸው ሲያውቁ ጭራሽ አዘገሙ።

"ማን እየረታ ነው?"

"እኛ!" አለ ሁለቱም ሰፈር።

ወደኔ ዞሩ። "አንተ የማን ልጅ ነህ?"

አጎቴን በዱላዬ አሳየኋቸው። "የእኅታቸው ልጅ ነኝ እመት።"

"እንግዲያ ምን ታየኛለህ? አትመታም?"

"ይለፉ እመት።"

"ኧረ ይለፉልን በእናትዎ!" ጮኸ ቀልደኛው ከኋላዬ። "የኛ ልጅ ሊያለቅስ ነው!"

አለፉ። መታሁ።