የአሥር ሴት ጫጩት

አንገር ጉቲን ያለችው እህቴ፣ ልጇ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋባት ወዲህ፣ የኔዋም ልጅ «እሄዳለሁ» ስትል «አይሆንም» እላታለሁ። ፓስፖርት ልታወጣ ተነሳች። ለመንኳት። «እዚሁ ነቀምቴ ዶሮ የማረባ ከሆነ እቀራለሁ» አለችኝ። ይቺን ቃሏን ያዝኩ።

አኖ ከተማ የአርባ አምስት ቀን ጫጩት የሚሸጥ ሰው አለ። ለአንድ ሰው ጥቂት ጥቂት አይሸጥም፤ መቶውን ባንዴ ለሚወስድ ነው። የሰፈራችን ሴቶች አሥር ሆነን አሥር አሥር ልንካፈል ተስማማን። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ወሬ እንዴት እንደሚባዛ አውቃለሁ። ቅዳሜ ስንሰበሰብ አሥራ አራት ሆነን ቁጭ። ሰውየው ቢደወልለት፣ «ከመቶ ሌላ አንዲትም የለኝም» አለ።

ከተጨመሩት አንዷ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ፍሪጅ አላት፣ ላም አላት፣ ልጆቿ ደሞዝተኞች ናቸው። አሥር ጫጩት ምን ይጨምርላታል? ደግሞ የነገርኳት እኔው! ገበያ ስንሄድ አፌ አላርፍ ብሎ።

«እንግዲህ እጣ ይጣል» ተባለ፤ ቅርጫ ላይ እንደሚደረገው። እያንዳንዳችን አንዳንድ ዕቃ ወንፊት ውስጥ ጣልን። እኔ ከልጄ የድሮ ዩኒፎርም የቆረጥኩትን አዝራር፣ ጎረቤቴ የወርቅ ጉትቻዋን።

«አዴ፣ ወርቁን ጫጩት እንዳይውጥብሽ!» ብለው ሳቁባት፤ «አዴ» እኛ ጋ «እመቤት» እንደማለት ነው። እሷም ሳቀች። የኔ ጥርስ አልተከፈተም።

በዚያው ሳምንት ቤት የተከራየ፣ የማናችንንም ዕቃ የማያውቅ አስተማሪ ጠራን። ፊቱን አዙሮ አንድ አንድ እያለ አወጣ። ጉትቻው ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ ማበጠሪያ፣ ቆርኪ፣ የመዳብ ቀለበት። አሥረኛው የበር ቁልፍ ሆነ። አዝራሬ ወንፊቱ ውስጥ ቀረ።

ልጄ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ወንፊቱን ነጥቄ ደግሜ ፈተሽኩ። ጎረቤቴ ጉትቻዋን እያደረገች፣

«አዴ ኮ፣ የኔ እመቤት፣ ምን ያስደነግጥሻል? እኔ ወገቤ ማጎንበስ አይችልም። ልጅሽ ትምጣና ታሳድግልኝ፤ እንቁላሉ እኩል ነው» አለችኝ።

አይሆንም ልል አፌን ሳልከፍት፣ ልጄ «እሺ አዳዳ!» አለቻት። አክስቴ ማለቷ ነው። እስከዚያን ቀን እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም።

ፓስፖርቱ ቀረ። ፈጣሪ ይመስገን፤ ልጄ ከዓይኔ አልራቀችም። ግን ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ሲመሻሽ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ከሷ ጋር ስትስቅ እሰማታለሁ፤ እኔ ጋ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ስትገባም «አዳዳ እንዲህ አለች፣ አዳዳ እንዲያ አለች» ነው።

ወራት አልፈው፣ ትናንት ዶሮዎቹ መጣል ጀምረው ሦስት እንቁላል ይዛልኝ መጣች።

«አዳዳ ናት የላከችልሽ» አለችኝ።

ግማሹ የራሷ ድካም መሆኑን እንኳ አላሰበችውም። ተቀብዬ ጠበስኩላት። እኔ አልቀመስኩም።