በሌለ ወር የተወሰደው ወንድሜ

የሄድኩ ዕለት ማታ አባቴ ሸማ ተራ ያለውን ሱቃችንን ከሁሉም ቀድሞ ዘጋ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የጎረቤቱ በር ሁሉ ሳይዘጋ የእሱ አይዘጋም ነበር። ለሰፈሩ ኢስታንቡል ሄዳ ዕቃ ልታመጣ ነው ብለናል፣ እንደ ማንኛውም የመርካቶ ነጋዴ፤ ስለዚህ ማልቀስ አይቻልም። ፊት ለፊት የሚሸጡት እትዬ ሙሉ ለልጃቸው ጫማ አዘዙኝና «መቼ ትመለሻለሽ?» አሉኝ። «በሳምንቴ» አልኳቸው። አባቴ ፊቱን አዙሮ ጋቢ ማጠፍ ጀመረ። ጋቢዎቹ ግን የታጠፉ ነበሩ።

የሄድኩት በታናሽ ወንድሜ በጀማል ምክንያት ነው። ስለ ሱቆች መነሳት በስልኩ ተቃውሞ ጽፎ ነበር። ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከሱቃችን በር ላይ ወሰዱት። ከጣቢያ ጣቢያ እየዞርኩ ሳፈላልገው እኔንም አስራ አንድ ቀን አስቀመጡኝ። አልመቱኝም። የጓደኞቹን ስም ጥሪ ነው ያሉኝ። ስወጣ «ገና እንፈልግሻለን» አሉኝ፤ ጀማል ግን አልተለቀቀም። አባቴ ይህን ሲሰማ ነው ፓስፖርት አውጪ ያለኝ።

ከቱርክ ወደ ግሪክ የተሻገርንበትን የጎማ ጀልባ ጉዞ አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም እንዳያውቀው ነው የምመኘው። የግሪክ ደሴት ላይ ከርመን ካርታ ሰጡን። ካርታ የሚሉት የጥገኝነት ጠያቂ መታወቂያ ነው፤ እናቴ ግን በስልክ «ካርታ ተሰጠኝ» ስላት የቤት ካርታ መስሏት አለቀሰች፣ በደስታ። አላረምኳትም።

ከዚያ አቴንስ ገባሁና አንድ ሽማግሌ መንከባከብ ጀመርኩ፤ ኪርዮ ስታቭሮስ ይባላሉ፣ ኪርዮ እንደ እኛ አቶ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥንታዊ ግሪክኛ ያስተማሩ ሰው። አይባቸው ጨው ነው፤ ቅቤን አያውቁትም፣ ሁሉም ነገር ላይ የወይራ ዘይት ያፈሳሉ። ብርዱ እንደ ኅዳር ደረቅ አይደለም፣ እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ፎቁ ላይ ስንት ቤተሰብ እየኖረ ጨው ላበድርሽ፣ እሳት ልጫርልሽ የሚል የለም።

የጥገኝነቱ ቃለ መጠይቅ ሲደርስ ሽማግሌው አደፋፈሩኝ። «ጥገኝነት የምትሉትን እኛ ኣሲሎ እንለዋለን። የጥንት ቃል ነው፤ የማይነጠቅ፣ የማይነካ ማለት ነው። ድሮ ተሳዳጅ የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ መሠዊያው ሥር ከተቀመጠ እጁን ይዞ ማስነሳት ነውር ነበር።»

«ማስረጃ አይጠየቅም ነበር?»

«መጀመሪያ ይቀመጥ ነበር። ጥያቄው በኋላ ነው።»

እኔም ለመቀመጥ ሄድኩ። መርማሪው ከጸሐፊዋ ጋር ሲያወራ «ነ፣ ነ» ይላል። በግሪክኛ አዎ ማለት ነው፤ እኔ ግን «ነይ» ያለኝ መስሎኝ ተነስቼ ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው ትከሻዬን ይዞ መለሰኝ። አስተርጓሚው ከአገር ከወጣ ብዙ ዘመን የሆነው የእኛው ሰው ነበር።

«ወንድሟን መቼ ወሰዱት?» አለው መርማሪው።

«ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በአስራ ሦስተኛው ወር።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ዓመት አስራ ሁለት ወር ነው ያለው።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ «አይዞሽ፣ አስተካክዬልሻለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት።

«የተደበደበችበት ጠባሳ አላት?»

«አልተደበደብኩም። ግን ይመለሳሉ።»

«ጠባሳ የላትም» ብሎ ጻፈ።

ውሳኔው ከወራት በኋላ መጣ። ኪርዮ ስታቭሮስ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ ቀስ እያሉ አነበቡልኝ። አመልካቿ ወንድሟ የተያዘው በሦስተኛው ወር በአስራ ሦስት ነው ብላለች፤ በኋላ ደግሞ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ነው ብላለች፤ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው፣ የተከፈተ ሱቅ ነበር ማለቷም የሚታመን አይደለም። ጉዳት የሚያሳይ ምልክት የለም። አልተቀበልነውም።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጠፉት።

«ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አሉኝ። «በዚያው በጥንቱ ዘመን፣ በዚችው ከተማ፣ የባሪያ ምስክርነት በፍርድ ቤት የሚታመነው ተገርፎ ከተናገረ ብቻ ነበር። የዜጋ ቃል በመሐላ ይበቃል፤ የባሪያው ግን ከሥጋው መውጣት አለበት። ትልቁ ፈላስፋችን እንኳ እዚህ መጤ ነበር፤ ያን ሁሉ አስተምሮ መሬት መግዛት አይፈቀድለትም ነበር።»

«እሱስ በመጨረሻ ወረቀት አገኘ?» አልኳቸው።

«ሸሽቶ ሌላ ቦታ ሞተ» አሉ፤ ወዲያው ባልተናገርኩት ብለው እንደተጸጸቱ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ይግባኙን የያዘችልኝ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት፣ ስትናገር አትሸነግልም። «ቀኑን እናስተካክለዋለን፣ የአገርሽን አቆጣጠር አስረዳለሁ። ዋናው ወንድምሽ ዛሬም መታሰሩ ነው። ዛሬም ታስሮ ከሆነ ያንቺም ስጋት ዛሬም አለ። ከቤትሽ ማረጋገጫ አምጪ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደምጠይቀው እያሰብኩ ሳለሁ ስልኩ ተነሳ።

«ሰሚ?» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ የሚያቆላምጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጀማል ነበር። ድምፁ ቀጥኗል።

«ትናንት ማታ ለቀቁኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለማንም ያልነገርኩት ነው። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ከቤቱ ገብቷል፣ ከኋላው እናቴ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይግባኙ አለቀለት የሚል ነበር። ደስታው የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሦስት ጊዜ አልኩ፤ አፌ ግን ከብዶኝ ነበር።

«ስላንቺ ሲጠይቁኝ ነበር የከረሙት» አለ። «ሊለቁኝም ሲሉ የት ናት ብለውኛል። አላውቅም አልኳቸው።» ቀጥሎም፣ «አባዬ ጉዳይ ይዘሻል ብሎኛል። ይህን ጽፌ ፈርሜ ብልክልሽ ይጠቅምሻል?»

ጠበቃዋ ስትፈልገው የነበረው ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የለም። በስሙ ፈርሞ የላከውን ወረቀት ግን የያዙት ሰዎች ቢያነቡት እሱን ወደ የት እንደሚመልሱት አውቃለሁ።

«አይጠቅምም» አልኩት። «ምንም እንዳትጽፍ።»

«እሺ። ታዲያ መቼ ነው የምትመጪው?»

ስልኩን ከእጁ እናቴ ተቀበለችው፤ በልቶ እንደሆነ፣ ከስቶ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ።

የይግባኙ ቀጠሮ ገና ነው። ለጠበቃዋ ወንድሜ መፈታቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።