ጌሾው የማን ክልል ነው?

በሰፈራችን «ፌዴራል» ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ዱላ የያዘ ፖሊስ ነው። በእኛ ቤት ግን ፌዴራል አባቴ ነው። ጎንደር ውስጥ ሥነ ዜጋ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ስለወጣ፣ የቤታችንን ሥልጣን ሳይቀር አከፋፍሎታል፤ እንግዳ መቀበል፣ ሳሎኑና ቴሌቪዥኑ የፌዴራል፣ ጓዳው የክልል። ክልሏ እናቴ ናት። ለፌዴራል ተዘርዝሮ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው የሚለውን ከፊደል እኩል ነው ያስጠናኝ።

ባለፈው ክረምት ከማስተምርበት ከሳንጃ ስመጣ፣ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ መተኛቴ አባቴን ከነከነው። ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ሊሠራልኝ ቆረጠ። ችግሩ፣ ቦታው ላይ ጌሾ አለ። ጌሾውን እናቴ በችግኝነቱ ከአይከል፣ ከሟች እናቷ ደጅ ያመጣችው ነው፤ ከዚያ ቤት ሌላ የቀራት ነገር የለም። ወሬውን ስትሰማ ወጥታ አጠገቡ ቆመችና ቅጠሉን ትዳብስ ጀመር።

አባቴም አይቷታል። ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ፣ መተርጎም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነውና፣ እኔን ምክር ቤት አደረገኝ። ክፍሉ ለእኔ ስለሚሠራ በራሴ ጉዳይ ልፈርድ አልችልም ብል ማን ሰምቶኝ። እሱ ግንባታ የፌዴራል ነው ብሎ በሰፊው ተከራከረ። እናቴ የምትለው አጭር ነበር።

«ልጄ ክፍል ብታገኝ ሸጋ ነው። ምነው ግን ሌላ ቦታ አጣችሁ?»

እውነቱን ለመናገር ክፍሉን ፈልጌው ነበር። ግን ጓሮ የሚባል ነገር በአባቴ ዝርዝር ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም፤ ያልተዘረዘረ ደግሞ የክልል ነው። ይህንኑ ፈረድኩ። ከሱ አፍ የተማርኩትን መልሼ ስነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። ሰው ተረትቶ እንደዚያ ሲደሰት አላየሁም።

በማግስቱ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ከሳሎኑ ጥግ አንሥቶ በቦታው አልጋ ዘረጋልኝ። ሳሎኑ የራሱ ነው፤ የፈለገውን ቢያደርግበት ከልካይ የለውም።

አሁን ለእረፍት ስመጣ የምተኛው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አምልጦት የማያውቀውን የጠዋት ዜና ድምፁን ዘግቶ፣ የተናጋሪውን አፍ አፉን እያየ ይከታተላል። ነቅቻለሁ፣ ድምፁን ክፈተው ስለው ዞር ብሎም አያየኝ።

«እንቅልፍሽ አልተዘረዘረም» ይለኛል።