በሰኔ ሚካኤል የታረሰ ማሳ

በግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ሰለሞን ምሳውን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ «እማማ አስካለ፣ ዛሬ የምጭነውን ላሳይዎት» አለኝ። ሰለሞን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቴ ዱ በሚሉት ሰፈር በምኖርበት ግቢ እንደ እሱ ላሉ ሹፌሮች ምሳ እሠራለሁ። ድሮ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ የፈረንጅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ወደ ራሴ ምድጃ ተመለስኩ።

መኪናውን ያቆመው ከነፃ የንግድ ቀጠናው ወጣ ብሎ ነው። ስንደርስ ላያቸው በላስቲክ የተጠቀለሉ አዳዲስ ትራክተሮች ተደርድረው አየሁ። ሰለሞን የራሱ ንብረት ይመስል እየዞረ ያሳየኝ ጀመር። ከመቀመጫው ጀርባ የቆመውን ወፍራም ብረት መታ መታ አደረገና፣ «ይህቺን አዩ? ትራክተሩ ቢገለበጥ እንኳ ነጂውን አይጫነውም። ይህች ብረት ትይዘዋለች» አለኝ።

ተንጠራርቼ ብረቱን ነካሁት፤ ፀሐይ አግሎት ያቃጥላል። ጥሩ ነው አልኩትና ወደ ቤት እንዲመልሰኝ ለመንኩት። ሙቀቱ ያዞረኝ መስሎት እየሮጠ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ ገዛልኝ። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩት።

የተወለድኩት አርሲ ደጋ ውስጥ ነው፤ ስንዴው ኮረብታውን ሁሉ በሚያለብስበት አገር። አባቴ የአንድ ባለርስት ትራክተር ነጂ ነበር። ባለርስቱ ያመጣቸው ሁለት ትራክተሮች፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ፣ ገና ሲመጡም ሌላ አገር አርሰው የደከሙ ነበሩ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሰውየው ተሰደደ፤ ትራክተሮቹ ለገበሬ ማኅበሩ ሆኑ፤ አባቴም አብሯቸው ተላለፈ። መለዋወጫ የሚባል ነገር አይገኝም። አባቴ ቀዩ ሲበላሽ ከግራጫው እየፈታ ይገጥምለታል። ሰዎች፣ ግራጫውን እያረደ ቀዩን ይቀልበዋል እያሉ ይስቁበት ነበር።

የአገራችን ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ውሃ ታፈላለች፤ አባቴ የፈላውን ራዲያተሩ ውስጥ ያፈስና አማትቦ ማኖቬላውን፣ የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ ያዞራል። ሞተሩ ይስላል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ይነሳል። እኛ ቤት ቀን የሚጀምረው በዚያ ድምፅ ነው። የናፍጣ ሽታው ከአባቴ ገላ ተለይቶ አያውቅም። እናቴ ጋቢውን በእንዶድ አጥባ፣ በፀሐይ አስጥታ፣ እሑድ ወደ ቅዳሴ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያው ይሸታታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጭራሽ አትናገርም፤ ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ታጉረመርማለች።

አባቴ በሚካኤል ቀን ትራክተር አይነካም። ከወንድሜ ከታደሰ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱበት፣ ሦስተኛው ከተረፈልኝ በቀንህ እጄን ከሥራ እሰበስባለሁ ብሎ ተሳለ። ታደሰ ተረፈ። በዓል ማክበር እንደ ኋላቀርነት በሚታይበት በዚያ ዘመን አባቴ በዚሁ የተነሳ ማኅበሩ ፊት ተጠርቶ ተወቅሷል። ሌላውን ቀን ሁሉ ውሰዱት፣ ይህን ተዉልኝ ብሎ መለሰ አሉ።

ታደሰ ትራክተሩን ከአባቴ ተምሮ ከአባቴ የበለጠ ይወደው ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለሰው ችግር ቶሎ የሚደነግጥ ልጅ ነበር። እኔ ከሱ በአምስት ዓመት አንሳለሁ፤ ሜዳው ላይ መሪውን አስይዞኝ ጎኔ ተቀምጦ እየሳቀ ያስነዳኝ ነበር።

አንድ ዓመት ቀዩ ትራክተር በእርሻው ጊዜ ተሰብሮ ቆየ። አባቴና ታደሰ እንደምንም ሲያስነሱት ሰኔ ገብቷል። ወረፋው የመጨረሻ የደረሳት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ነበረች፤ አዴ በኦሮምኛ ለእናቶች የአክብሮት ጥሪ ነው። ባሏ ታሞ ሲማቅቅ በሬዎቹን ሸጣ አሳክማው ነበር፤ እሱም ሞተ፣ በሬም የላት። ማሳዋ ከወንዙ ዳር ያለ መረሬ መሬት ነው። መረሬ ዝናብ ከጠገበ ትራክተር ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም የሚገባበት የለም።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ሰማዩ ጠቆረ። እራት ላይ ታደሰ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ነገ ከዘነበ ማሳው አይገባበትም። እሷ ደግሞ ሌላ የምትዘራበት የላትም» አለ።

«ነገ ሚካኤል ነው» አለ አባቴ። «ከነገ ወዲያ እናርስላታለን።»

ታደሰ አንገቱን ደፍቶ በላ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እናቴ ታደሰ ከጓደኞቹ ጋር ይመጣል ብላ ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ላይ ሳለ ከኮረብታው ማዶ የትራክተሩን ድምፅ ሰማሁ። አባቴን አየሁት። ሰምቷል። መቋሚያውን ይዞ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ካፊያ ጀመረ። መዘምራኑ ጥላውን አስተካከሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ድምፁ ከማዶ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ከዚያ ሞተሩ በአንዴ ጮኸና ዝም አለ።

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ሳይባረክ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን መቋሚያውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

ማሳው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ታደሰ ወደ ወንዙ በኩል ያለውን የመጨረሻ ፈር ሲያዞር በዝናብ የራሰው ጠርዝ ተናደበት። ትራክተሩ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገልብጧል። አዴ ፋጡማ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ያን ሁሉ ብረት በባዶ እጇ ልታነሳ ትታገል ነበር፤ ጣቶቿ ደምተዋል። ሻሿን አውልቃ ከወንድሜ ራስ ሥር አንጥፋለታለች። ሰዎች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ እየሮጡ መጡ፤ ሲያነሱት ሁሉም ጭቃና ደም ሆኑ። ወንድሜ ሳንደርስለት ሞቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወሬው ጀመረ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። በሠልስቱ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ ልጁ በታቦቱ ቀን ያውም ክርስቲያን ላልሆነች ሴት ማሳ ሲል በዓሉን አቃለለ፣ ይህም ከላይ የመጣ ቁጣ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ። መምሬ ጥላሁን፣ ቄሳችን፣ አጠገቡ ተቀምጠው አልደገፉትም፣ አልተቃወሙትምም። አዴ ፋጡማ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ተነስታ ወጣች።

አባቴ ተነሳና ቆመ።

«ይህን ልጅ የሰጠኝ ሚካኤል ነው» አለ። «ልጄ ሰርቆ አልሞተም። ሰክሮ አልሞተም። ለባልቴት ሲያርስ ነው የሞተው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያከበርኩት ሚካኤል በዚህ አይቆጣም።»

ተመልሶ ተቀመጠ። በቀብሩ ያላለቀሱ ሰዎች እዚያ ድንኳን ውስጥ አለቀሱ።

ዝናቡ ገና ሳይጠና ጥቂት ቀን ፋታ ሰጥቶ ማሳው ጠፈፍ ሲል ጎረቤቶች በበሬ እየጎተቱ ትራክተሩን አወጡለት። አባቴ ታጥፎ የነበረውን ጭስ ማውጫ በመዶሻ አቃናው። ሊያስነሳው በተዘጋጀበት ጠዋት እናቴ ከመደቧ አልተነሳችም፤ ውሃውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። የቀረችውን መሬት አርሶ ጨረሰ። እኔ ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ የሚጸናውን ጠርዝ አሳየው ነበር። ታደሰ የወደቀበት ቦታ ሲደርስ አቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ አዙሮ ቀጠለ። አዴ ፋጡማ ከኋላችን እየተከተለች ዘሩን በተነች።

በታኅሣሥ፣ አውድማው ሲያልቅ፣ አዴ ፋጡማ አንድ ጆንያ ስንዴ በአህያ ጭና በራችን ላይ ቆመች። እናቴ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አዴ ፋጡማ ጆንያውን ራሷ አውርዳ እናቴ እግር ሥር አስቀመጠችና፣ «ይህ የታደሰ ነው» አለች።

እናቴ የጆንያውን አፍ ፈታች። ከዚያ እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ አስገባችና እሪ ብላ አለቀሰች። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያን ቀን ገና ሰማኋት። ሁለቱ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ አነቡ። ከዚያ ስንዴ ላይ እናቴ በወንፊትና በጣቷ አንዲት አንዲት እየለቀመች አጠራችና ለመገበሪያ፣ ለቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት፣ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። መምሬ ጥላሁን ከማን ማሳ እንደሆነ ጠየቋት። ልጄ ካረሰው አለቻቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ሲቀበሏትም ዝቅ ብለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቀዩ ትራክተር ጥቂት ዓመት አርሶ አንድ ቀን አልነሳም አለ። ከግራጫው የሚፈታ ነገር አልቀረም። አባቴ በአንድ ጊዜ አረጀ። እኔ ለባቡር ሠራተኛ ተድሬ ድሬዳዋ ወረድኩ፤ ባሌ ሲሞት ልጄን ይዤ በዚያው ሐዲድ ጅቡቲ ገባሁ። የአባቴን ሞት የሰማሁት ሀራሙስ፣ የፈረንጇ እመቤቴ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እንግዶቹ ገበታ ቀርበዋል፤ ዓሣው እሳት ላይ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዓሣውን ገለበጥኩት። አቀረብኩ፤ ሳህኑን አጠብኩ። ሲያልቅ ዕንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም። እናቴም ስትሞት እንዲሁ ሆነ።

አሁን ዓርብ ዓርብ በየቪላው የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ፋታ ሲያገኙ ግቢዬ ይመጣሉ። አንዷ እመቤቴ በበዓል ቀን አትለቀኝም፣ በማርያም ልብስ ስተኩስ ዋልኩ፣ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ትለኛለች። ልጄ፣ ወደሽ አይደለም፣ አይቆጠርብሽም እላታለሁ። ፊቷ ይፈታል። አንድ ጊዜ ታዲያ ከመካከላቸው ደፋሯ፣ እርስዎ ግን በሰኔ ሚካኤል ምድጃዎን አጥፍተው ሹፌሮቹን ጾማቸውን ይመልሷቸዋል፣ እኛን ሲያጽናኑ ራስዎ ይፈራሉ አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ፍርሃት አይደለም። ሥራ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰጥቶኛል፤ ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ለማልቀስ ጊዜ ግን ሰጥቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ከዓመቱ አንዷን ቀን ወሰድኩበት። በሬን እዘጋለሁ፣ ነጭ እለብሳለሁ፣ መጀመሪያ ለታደሰ፣ ቀጥሎ ለአባቴ፣ ቀጥሎ ለእናቴ፣ በየተራ አለቅሳለሁ። በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ።