ለልጄ ፕሮፌሰር ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ያ ትልቁ በረዶ ወርዶ የምንኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ሁሉ የተዘጋበት ክረምት ነው። ሰው ስለዚያ ክረምት ሲያወራ በረዶውን ያነሣል። እኔ የማስታውሰው ግን ጥልፍ ያለበት አንድ ነጭ የዳቦ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ይህን ሁሉ ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ጠቅልዬበት አላውቅም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። በዲቪ ስንመጣ ልጄ መክሊት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በመጣን በአራተኛው ዓመት ዐረፈ። ከዚያ በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳሁ ብቻዬን አሳደግኋት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። በዚያ ክረምት ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ትማር ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። እየተማረች በአንድ ፕሮፌሰር ላቦራቶሪ፣ እሷ ላብ በምትለው ቤት፣ ትሠራለች። አፈር ነው የሚመረምሩት። ትምህርቷም ደሞዟም በዚያ ሰው እጅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላጥብ ብዬ የኮቷን ኪስ ስፈትሽ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች አገኘሁ። እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን የሚለውን ግን ማንበብ አያቅተኝም። ካርዶቹ ሁሉ ተፈርመዋል። ከላይ ያለው የመጀመሪያው የልጄ ነበር።

ወጥ ቤት ቁርስ እየበላች ነበር። ካርዶቹን ፊቷ አስቀመጥኩ።

"መኪ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ካርድ ነው እማ። ዩኒየን ልናደርግ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር።"

"እነማን?"

"ግራድ ስቱደንቶች። ላብ የምንሠራው፣ ክላስ የምናስተምረው፣ ሁላችንም።"

"አንቺ ተማሪ ነሽ ወይስ ሠራተኛ?"

ሳቀች። "እሱን እኮ ነው የምንከራከረው። እሑድ ኑና ሥሩ ሲሉን ሠራተኛ ነን። መብት ስንጠይቅ ተማሪ ነን።"

ከዚያ አስረዳችኝ። አብራት የምትሠራ ከኔፓል የመጣች ልጅ አለች። አሲድ እጇን አቃጥሏት ለሦስት ሳምንት መሥራት አልቻለችም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቦታዋን ለሌላ ሰጡባት። ለምን ብሎ የጠየቀላት የለም። በአንድነት እንዳይጠይቁም የግዛቱ ሕግ ዩኒየን አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ ሕጉ እንዲለወጥ ፊርማ ይሰበስባሉ። ሐሙስ የግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ሄደው ምክር ቤት ፊት ሊናገሩ ነው።

"አንቺም ትናገሪያለሽ?"

"እናገራለሁ።"

"ስምሽን ጠርተሽ?"

"አዎ እማ። ስሜን ጠርቼ።"

እንደ እሷ አሜሪካ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ወንድም ነበረኝ። ደሴ፣ በደርግ ጊዜ፣ እሱ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ አንድ መምህራቸው ተባረረ። ልጆቹ መምህራችን ይመለስልን ብለው በአንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ወረቀቱ ቀበሌ ደረሰ። ሰኞ ወንድሜን ወሰዱት። እናቴ ነገሩ እስኪበርድ ብላ ቆየችና ሐሙስ ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ "እዚህ የለም" ተባሉ። እስከ ዛሬ የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ "ማክሰኞ ብልክ ኖሮ" ትል ነበር። እኔም ትምህርቴን ያቋረጥኩት በዚያ ዓመት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መክሊት ክፍሏ ውስጥ በስልክ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ፕሮፌሰሩ በጣም እንደተናደደባት፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንዳላናገራት ስትናገር ሰማሁ። የተናደደው የላቡን ፍሪጅ ሳትዘጋ በመውጣቷ፣ የመረመሩት አፈር ስለተበላሸበት ነበር። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያን ዕለት ግን ሌላ ምክንያት አልታሰበኝም። ሰውየው ፊርማውን አውቋል አልኩ። ልቤ ደሴ ሄደ። ሐሙስን አልጠብቅም አልኩ።

ለጋሽ ሽፈራው ደወልኩ። ጋሽ ሽፈራው አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ያኔ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ለማኅበረሰባችን ሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ብዙ የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀዋል።

"ለፕሮፌሰር?" አሉኝ። "አበባ፣ እኔ የለመድኩት ባልና ሚስት ነው። ባል እንኳን ያስቸግራል።"

"ጋሼ፣ ልጄ ልትባረርብኝ ነው።"

ቀልዳቸውን ተዉ። "ምን አጠፋች?"

"ፈረመች።"

ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እሳቸውም የዚያ ዘመን ሰው ናቸው። ከዚያ "መክሊት እንደምንሄድ ታውቃለች?" አሉኝ።

"ታውቃለች" አልኩ።

ዋሸሁ። ሁዳዴን እየጾምኩ፣ ከቅዳሴ በመጣሁበት አፌ ዋሸሁ።

ማክሰኞ ኦፍ ነበርኩ፤ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሌሊቱን ዳቦ ጋግሬ፣ እናቴ በጠለፈችው ነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ጋሽ ሽፈራው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። የንስሐ አባታችንም መስቀላቸውን ይዘው፣ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው አብረው ነበሩ። መክሊት ማክሰኞ ጠዋት ክላስ እንዳላት አውቅ ነበር። በረዶው በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ዞርን። አባ ከኋላ ሆነው "የሚቀናን ቢሆን ይሄኔ ቦታ ይገኝ ነበር" አሉ። ጋሽ ሽፈራው "አባ፣ በዚህ ከተማ ለጳጳስም ፓርኪንግ የለም" አሏቸው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዳቦው ጭኔ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ሸበቶ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ብስክሌት አቁሟል። የአባን መስቀል፣ የጋሽ ሽፈራውን ሙሉ ልብስ፣ የእኔን ዳቦ በተራ አየ። የመክሊት እናት መሆኔን ስነግረው ደንግጦ ተነሣ። "መክሊት ደኅና ናት?" አለ። ወንበር ሰጠን። እኛ አልተቀመጥንም።

ጋሽ ሽፈራው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። "በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የመጣነው ለይቅርታ ነው። ልጅ ናት። ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ይምራል። ስለ ፊርማው እርስዎ ይቅር ይበሏት።"

"ስለ የትኛው ፊርማ?" አለ ሰውየው።

ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ።

"ስለ ዩኒየኑ" አሉ። ድምፃቸው ቀንሶ ነበር።

ፕሮፌሰሩ እጁን አነሣ። በቁጣ አይደለም፤ በቃ ለማለት ነው። "እባካችሁ፣ ሌላ አትንገሩኝ" አለ። "ይህን ከእሷ ብሰማው ይሻለኝ ነበር።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስለመጣን አመሰገነን። ዳቦውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት በሁለት እጁ ይዞት ቆሞ ነበር። እሺም አላለን፣ እምቢም አላለን። በሩን ከፍቶ ያዘልን።

ደረጃው ላይ አባ ቆሙ። "ልጄ፣ ሰውየው እኮ አያውቅም ነበር" አሉኝ።

መኪናው ጋ ደረስን። ጋሽ ሽፈራው ቁልፉን እንደያዙ "ልጅቷ ታውቃለች ብለሽኝ አልነበር?" አሉኝ።

 ቤቴ አድርሰውኝ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋት። ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አላስፈለገኝም። በሩን ከፍታ ገባች፤ እጇ ላይ ያ ነጭ ጨርቅ ተጣጥፎ ነበር። ፕሮፌሰሩ ዳቦውን የላቡ ሰዎች ምሳ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። ጓደኞቿ እየቆረሱ ሲበሉ ደርሳ የአያቷን ጥልፍ አየች።

"እማ፣ ይሄ ምን ሊሠራ እዚያ ሄደ?"

ነገርኳት። ወንድሜን ጭምር ነገርኳት፤ እስከዚያ ቀን ታሞ እንደሞተ ነው የምታውቀው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ከነኮቷ ተቀመጠች።

"ነገ ልነግረው ነበር" አለችኝ። "ከሐሙስ በፊት እኔ ራሴ፣ ፊት ለፊት። ስንት ቀን ተለማምጄበታለሁ። እኔ ልነግረው የነበረው መብቴን ነው። አንቺ የነገርሽው ጥፋቴን ነው።"

"ልጄ፣ እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው።"

"አይ ኖው፣ እማ" አለች። "አውቃለሁ።" ከዚያ የሌሎቹን ልጆች ስም ጠርተን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጠራንም አልኳት። ቢሆንም ክፍሏ ገብታ ለእያንዳንዳቸው ደወለች። በግድግዳው በኩል ድምፅዋ ይሰማኛል። አንዷን ይቅርታ ስትጠይቅ ሰማኋት። እኔ ላጠፋሁት እሷ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሐሙስ ልከተልሽ አልኳት። "አትምጪ" አለችኝ። ሄደች፣ ተናገረች፣ መጣች። ምን እንዳለች አልነገረችኝም። እኔ ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ የአንዱን ክፍል አንሶላ ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ የሚቀጥለውን ሳልነካ አልፌ ተቆጣጣሪዬ ተቆጣኝ። የፈለጉት የሕግ ለውጥ በዚያ ዓመት አላለፈም።

ፕሮፌሰሩ ስለዚያ ማክሰኞ ለመክሊት አንድም ቃል አላነሣባትም። ሰላም ይላታል፣ ያሠራታል። እኔም ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር። ግንቦት ላይ ቢሮው ጠርቶ ለጥናቱ የሚመጣው ገንዘብ ስላለቀ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እንደሌላት ነገራት። ከላቡ ቦታ ያጣችው እሷ ብቻ ናት።

ገንዘቡ እውነት አልቆ ይሆናል። በፍሪጁ ይሆናል። በእኛ ይሆናል። ሰውየውን ክፉ ነው ማለት አልችልም፤ ዳቦውን ይዞ እንዴት እንደቆመ አይቻለሁ። ግን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አለማወቅ ይዤ ነው የምተኛው።

ያን ቀን ልቤ ፈርሶ እንዲህ አልኳት፦ "ሄደሽ ጠይቂው። ለምን እኔ ብቻ በይው። ጠይቂው እንጂ።"

መክሊት ደክሟት ነበር። "እማ፣ አንቺ እንኳን ያን ቀን ብቻሽን አልሄድሽም" አለችኝ። "ጋሽ ሽፈራውን ይዘሽ ሄድሽ፣ አባን ይዘሽ ሄድሽ። እኔ ማንን ይዤ ልሂድ? ካርዱ እኮ ለዚህ ነበር።"

ካርዱ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሳት የመሰለኝ ያ ወረቀት፣ ልጄና ጓደኞቿ ከበላያቸው ካለ ሰው ፊት ብቻቸውን ላለመቆም የፈለጉበት ነበር። እኔ ሽማግሌ የምለውን እነሱ በሌላ ስም ፈልገውት ነበር። የእኔ ሽማግሌዎች በር ተከፈተላቸው፤ የእሷ ሽማግሌዎች ግን በሕግ ተከልክለዋል።

ዶክትሬቷን አልጨረሰችም። አሁን እዚሁ ቅርብ፣ ጀርመንታውን፣ ውሃ የሚመረምር ቦታ ትሠራለች። ደኅና ነኝ ትለኛለች። እሑድ እየመጣች ታየኛለች፣ ዕቃ ተሸክማ ታስገባልኛለች። ነገሩን አታነሣውም። እኔም አላነሣሁትም። አንድ ጊዜ ግን ገንፎ እየበላን ሳለ የልጅነት ክፍሏን ስታጸዳ ያገኘችውን የዚያን ጊዜ ካርድ አሳየችኝ፤ ያልተፈረመ፣ ባዶ። መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 

ባለፈው እሑድ ጋሽ ሽፈራውን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ታክሲውን ትተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ስለ ልጆች ስናወራ ቆይተን ድንገት "አበባ፣ ያን ጊዜ ይቅርታ የጠየቅነው ያልበደልነውን ሰው ነው" አሉኝ። "ዋሽተሽኝ ብሄድም፣ ሳልጠይቃት መሄዴ የእኔም ጥፋት ነው። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ከፈለግሽ አሁንም እንሄዳለን። ወደ መክሊት።"

እስቲ ላስብበት አልኳቸው። እናት ለልጇ ሽማግሌ ስትልክ አላየሁም። ሰው ምን ይላል ብዬም ፈራሁ፤ መፍራት መቼም ለእኔ አይጠፋም። በሩ ላይ ስታያቸው ምን ትል ይሆን፣ ትስቅ ይሆን፣ ትቆጣ ይሆን እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

ትናንት መሳቢያውን ከፍቼ ጨርቁን አወጣሁት። ጥልፉ አልለቀቀም። በእጄ አጥቤ አሰጣሁት።