ለእማዬ ያሳጠብኩት ትልቅ ፎቶ

ከሰበታ የወጣሁበት ሌሊት እማዬ እስከ በር አልሸኘችኝም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ያለ ሬሳ እንዳታስለቅሰኝ» አለችኝ፤ ሌላ ምርቃት የለም። የልብ ሕመምተኛ ናት። የጎረቤታችን ልጅ ሞያሌን አልፎ መንገድ ላይ ከቀረ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረቷን ትይዛለች።

እኔስ ደረስኩ፤ ጆሃንስበርግ ገባሁ። ሰበታ ፎቶ ቤት ስሠራ መብራት ማስተካከል ተምሬ ስለነበር እዚህም አንድ ስቱዲዮ ቀጠረኝ። ብርዱ ደረቅ ነው፣ ከሱሉልታ ውርጭ ይብሳል፤ ፓፕ የሚሉት ገንፎ ደግሞ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ ምኑ ገንፎ ይባላል! እንቅልፍማ አይነሳ። ለወረቀት ብዬ ስደተኞች ቢሮ የሄድኩ ዕለት ሰውዬው ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ አንተ አይደለህም።»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ተኝቶ ያደረ ነው። እሱ ይምጣ!»

ሳቅኩ እንጂ ውስጤ አሯል። እማዬም «ከስተሃል አይደል?» እያለች በስልክ ትነዘንዘኛለች፤ የሷ ስልክ መልክ አያሳይም። እንድታርፍ ብዬ አንድ እሁድ ራሴን አነሳሁ። ትልቁን ሶፍትቦክስ ፊት ለፊቴ አቆምኩ፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ መብራት ነው፣ ለስላሳ ስለሆነ ጥላ አይጥልም። ብርሃኑን ወደ ፊቴ እንዲመልስ ከአገጬ ሥር ነጭ ሰሌዳ ያዝኩ። የዓይኔ ሥር እብጠት ጠፋ፣ ጉንጬ ሞላ፣ ሙሽራ መሰልኩ። ለእህቴ ለሰናይት በቴሌግራም ላክሁና «በትልቁ አሳጥበሽ ለእማዬ ስጪልኝ» አልኳት።

ወይ ጣጣ! እኛ ሰፈር እኮ ያን የሚያክል የአንድ ሰው ፎቶ የሚታጠበው ለለቅሶ ነው። ፎቶ ቤቱም የለመደውን አደረገ፤ ከኋላዬ ሰማይና ደመና አስገብቶ ጥቁር ፍሬም አለበሰው። ሰናይት አማረልኝ ብላ ታቅፋው ስትመጣ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ቶሎሳ መንገድ ላይ አዩዋት። አልጠየቋትም። ቆባቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እሷ ሰላምታ መስሏት እጅ ነስታ ገባች፤ ፎቶውንም ለእማዬ ሰጠቻት።

እሳቸው ለእድሩ ተናግረው ኖሮ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን ሞላው። ሰናይት «አልሞተም! ደህና ነው!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት? መርዶ ስንደብቅ የምንለው እሱኑ አይደል? ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እንላለን። እሷ በማለች ቁጥር እማዬ ደረቷን ትደቃለች።

ረፋዱ ላይ ስቱዲዮ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ነበረች፤ ከድምፅዋ በስተኋላ ለቅሶው ይሰማኛል፣ የራሴ ለቅሶ። ስልኩን ለእማዬ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ድምፅህስ የሱን ይመስላል። አንተ የማን ልጅ ነህ፣ የኔ ጌታ? ላጽናናት ብለህ ነው?» አለችኝ።

በሰናይት ስልክ ቪዲዮ ከፈትን። ተጣድፌ ሶፍትቦክሱን አበራሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ፎቶውን ለምን ታሳዩኛላችሁ?» ብላ እማዬ ፊቷን አዞረች። «ውሃ! ውሃ አምጡ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ገደልኳት በቃ አልኩ።

ያኔ ነው የባነንኩት። ሶፍትቦክሱን አጠፋሁት። ሽፋን የሌለውን አምፖል አንስቼ ከጎን ወደ ጉንጬ አስጠጋሁት። እንዲህ ያለ ብርሃን ምሕረት የለውም፤ የጎደጎደ ጉንጬን፣ ያበጠ ዓይኔን፣ ድንበር ላይ የተፈነከትኩትን ግንባሬን፣ የደበቅኋትን ሁሉ አወጣው።

«እማዬ፣ አሁን እይኝ!»

ቀና አለች። አፍጥጣ አየችኝ።

«ኧረ በማርያም! ማነው እንዲህ የፈነከተህ? አመድ መስለህ የለም እንዴ!»

እየተቆጣችኝ ነው! አምናለች ማለት ነው። አምፖሉን እንደያዝኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሷ ግን ዞራ ግቢውን አየች።

«አየኸው ይሄን ሁሉ ሰው? አክስትህ ከቡራዩ፣ አጎቶችህ ከሱሉልታ፣ ሞተ ሲባሉ በአንድ ጠዋት ደረሱ። አንተ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ኔትወርኩ አስቸገረኝ እማዬ፣ አልሰማሁሽም» አልኳት።

ደገመችልኝ።